የገጽ ቁጥር፤ ለዐይነ ስውራን አንባቢዎች በተገለበጡ መጻሕፍት ውስጥ ያለው ታሪክ

ባለፈው ዓመት እኛ አምስት ተማሪዎች ዐይነ ስውር ለሆነ ለአንድ የክፍል ጓደኛችን አንድ የታሪክ መጽሐፍ በኮምፒዩተር ለመገልበጥ ተስማማን። መጽሐፉ በገበያ የማይገኝ፥ እኛም በፎቶ ኮፒ የምናነበው ነበረ። ገጾቹን በስካነር አንሥተን፥ መሣሪያው የሳተውን ፊደል አርመን፥ ጽሑፍን በድምፅ በሚያነብለት ፕሮግራም እንዲሰማው አስረከብነው። እኔ የደረሰኝን ክፍል ሳርም በየገጹ ራስጌ የሚደጋገመውን የመጽሐፉን ርእስና በየገጹ ግርጌ ያለውን ቁጥር እንደ ጉድፍ ቆጥሬ ጠርጌ አወጣሁት። በዐረፍተ ነገር መካከል ቁጥር እየገባ ንባቡን ያቋርጥበታል ብዬ ነበር። በሳምንቱ መምህራችን በክፍል ውስጥ «ገጽ 86ን አውጡና ሦስተኛውን አንቀጽ ተመልከቱ» አሉ። ሁላችንም ገለጥን። ጓደኛዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «የቱ ጋ ናችሁ?» አለኝ። የአንቀጹን የመጀመሪያ ቃላት በሹክሹክታ ነገርሁት፤ እርሱ ፈልጎ እስኪያገኝ ድረስ ግን ውይይቱ ወደ ሌላ ገጽ አልፎ ነበር። የዓመቱን የጥናት ጽሑፍ ሲያዘጋጅም ለግርጌ ማስታወሻው የሚሆን የገጽ ቁጥር ሁሉ ከእኛ እየጠየቀ መጻፍ ግድ ሆነበት።

ይህን አነስተኛ ጥናት ለመጻፍ ያነሣሣኝ ይኸው ነው። የገጽ ቁጥር ከየት መጣ? ከኛ በፊት መጻሕፍትን ለዐይነ ስውራን የገለበጡ በጎ ፈቃደኞችስ እንዴት አድርገው ያዙት? የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የገጽ ቁጥር ከመጽሐፍ ጋር አብሮ የተወለደ አይደለም። የአገራችን የብራና መጻሕፍት በአብዛኛው የቅጠል ቁጥር የላቸውም። ጸሐፊው ቁጥር ቢያኖር በየጥራዙ ላይ ነው፤ ይኸውም ጥራዞቹ ሲሰፉ ቅደም ተከተላቸው እንዳይዛባ ነው እንጂ አንባቢው እንዲጠቅሰው አይደለም። አንባቢው ምዕራፉን ወይም የንባቡን መነሻ ጠርቶ ይጠቅሳል። በአብነት ትምህርት ቤት ደግሞ ብዙው ትምህርት በቃል ስለ ሆነ መምህሩ አንዲት ቃል ቢያነሡ ደቀ መዝሙሩ የቀረውን ያወርደዋል። ስለዚህ በዚያ ሥርዓት ዐይነ ስውራን ከሚያዩት ጋር አብረው ተምረው ለመምህርነት እስከ መድረስ መብቃታቸው የታወቀ ነው። የገጽ ቁጥር ባለመኖሩ ከጉባኤው የወጣ ሰው የለም።

ኅትመት ከመጣ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። በእጅ የተጻፉ ሁለት ቅጂዎች ቅጠል በቅጠል አይገጥሙም፤ ከአንድ ማተሚያ የወጡ መቶ ቅጂዎች ግን ይገጥማሉ። እንግዲህ ቁጥሩ ለሁሉም አንድ ቦታ የሚያመለክት ሆነ ማለት ነው። የኮሎኙ አታሚ አርኖልድ ቴር ሆርነን በ1470 ባሳተመው የስብከት መጽሐፍ ላይ ቅጠሎቹን በታተመ ቁጥር ቆጠረ። የቬኒሱ አልዱስ ማኑቲዩስ በ1499 የኒኮሎ ፔሮቲን ኮርኑኮፒያ ሲያትም ቅጠሉን ብቻ ሳይሆን የቅጠሉን ሁለት ፊት፥ ማለት እያንዳንዱን ገጽ ቆጠረ። ልማዱ ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ተስፋፋ።

ለዚህ ጥናት ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመኝ ግን የአንድ ቤተሰብ ታሪክ ነው። በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ከመጽሐፍ ቅዱስ ስንጠቅስ ምዕራፍና ቁጥር እንጠራ ነበር እንጂ ገጽ ጠርተን አናውቅም፤ መጽሐፉ ትልቅም ሆነ ትንሽ፥ በአማርኛም ሆነ በእንግሊዝኛ፥ ቦታው አንድ ነው። ዛሬ የምንጠራውን የአዲስ ኪዳን የቁጥር አከፋፈል ያወጣው አታሚው ሮቤር እስቲየን ሲሆን በ1551 በጄኔቫ ባሳተመው አዲስ ኪዳን ላይ አኖረው። ልጁ ሄንሪ እስቲየን ደግሞ፥ በላቲን ስሙ ስቴፋኑስ የሚባለው፥ በ1578 የፕላቶንን ሥራዎች በሦስት ቅጽ አሳተመ፤ እያንዳንዱንም ገጽ በአምስት የላቲን ፊደላት ከፋፈለው። ያንን መጽሐፍ ዛሬ በእጁ የያዘ ተማሪ ምናልባት ከሺህ አንድ አይገኝም። ሆኖም የፕላቶንን «ሪፐብሊክ» የሚጠቅስ ሁሉ ከ327 ይጀምራል፤ 327 በእስቲየን እትም ሁለተኛ ቅጽ ላይ ድርሰቱ የሚጀምርበት ገጽ ነውና። ለጥናት የሚዘጋጁ አዳዲስ ትርጉሞችም ይህንኑ ቁጥር በኅዳጋቸው ላይ ያትማሉ። የአሪስቶትልም ሥራዎች እንዲሁ በ1831 በበርሊን መታተም በጀመረው በቤከር እትም ገጽ ይጠቀሳሉ።

ብዙ ሰዎች፥ እኔም ጭምር፥ በኮምፒዩተር ያለ ጽሑፍ ወረቀት ስለሌለው ገጽም የለውም፥ ስለዚህ ቁጥሩ ትርፍ ነው እንላለን። የእስቲየን ገጽ ግን ወረቀቱ ከአንባቢው እጅ ከወጣ ከብዙ ዘመን በኋላም እየሠራ ነው። የገጽ ቁጥር በአንባቢዎች መካከል የተደረገ ስምምነት ነው፤ ስምምነቱ ደግሞ በወረቀቱ ዕድሜ አይወሰንም።

ይህን አስቀድመው የተረዱት በብሬይል የሚገለብጡ ሰዎች ናቸው። ሉዊ ብሬይል (1809-1852) በነጥብ የሚጻፈውን ፊደሉን በ1829 ካሳተመ በኋላ፥ ለዐይነ ስውራን መጻሕፍትን በእጅ መገልበጥ በብዙ አገር የበጎ ፈቃደኞች ሥራ ሆነ። በአሜሪካ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቀይ መስቀል ዐይናቸው ለጠፋ ወታደሮች በብሬይል የሚገለብጡ ፈቃደኞችን አሠለጠነ። እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ። ነጥቡ ጣት እንዲለየው ሰፋ ብሎ ስለሚጻፍ አንድ የታተመ ገጽ በብሬይል ከአንድ ገጽ በላይ ይፈጃል። በአማርኛማ ይብሳል፤ በብሬይል አብዛኛው ፊደላችን ተነባቢውና አናባቢው ተለያይቶ በሁለት ሕዋስ ስለሚጻፍ ጽሑፉ የበለጠ ይረዝማል። ታዲያ ገልባጩ የራሱን ገጽ ብቻ ቢቆጥር መምህሩ 86 ሲሉ ዐይነ ስውሩ ተማሪ ከ200 በላይ ባለ ገጽ ላይ ሊገኝ ነው።

በአሜሪካ የመማሪያ መጻሕፍት የብሬይል አጻጻፍ ደንብ የተገኘው መፍትሔ ሁለት ቁጥር መያዝ ነው። የብሬይሉ ገጽ የራሱ ቁጥር ከታች በቀኝ ማዕዘን ይጻፋል፤ የታተመው መጽሐፍ ቁጥር ከላይ በቀኝ ማዕዘን ይሆናል። የታተመው ገጽ 86 በሦስት የብሬይል ገጽ ላይ ቢዘረጋ የመጀመሪያው 86፥ ሁለተኛው ኤ86፥ ሦስተኛው ቢ86 ይባላል። የታተመው ገጽ በብሬይሉ ገጽ መካከል ሲለወጥ ደግሞ ገልባጩ ከዳር እስከ ዳር የነጥብ መስመር ይሰድድና በመስመሩ መጨረሻ አዲሱን ቁጥር ያኖራል፤ አንባቢውም ገጽ መለወጡን በጣቱ ያውቃል። ይህ ሁሉ ጊዜና ወረቀት ይፈጃል። ግን ያንን መስመር የሚጽፈው ሰው አንባቢው ብቻውን እንደማያነብ፥ ከሌሎች ጋር አብሮ እንደሚማር አስቦለታል።

በድምፅም እንዲሁ ሆነ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዐይናቸውን አጥተው የተመለሱ አሜሪካውያን ወታደሮች በመንግሥት ወጪ ዩኒቨርሲቲ የመግባት ዕድል ሲያገኙ የሚሰማ የመማሪያ መጽሐፍ ግን አልነበራቸውም። ከዚህም የተነሣ አን ማክዶናልድ የተባሉ ሴት በ1948 በኒው ዮርክ «ሪኮርዲንግ ፎር ዘ ብላይንድ» የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ። ፈቃደኞቹ መጽሐፉን እያነበቡ በትንንሽ ሸክላ ላይ ይቀዱ ነበር፤ የሸክላው አንድ ፊት 12 ደቂቃ ያህል ብቻ ይይዛል። አንባቢዎቹ ወደ አዲስ ገጽ ሲያልፉ ቁጥሩን በቃላቸው መናገር የሥራው ደንብ ሆነ። በኋላ ዘመን ካሴት ሲመጣ ደግሞ ቴፑ በፍጥነት ሲሽከረከር ብቻ በግልጽ የሚሰማ ጢጥ የሚል ድምፅ በየገጹ ወይም በየምዕራፉ መነሻ ይቀዳ ነበር፤ ተማሪው ድምፁን እየቆጠረ ወደሚፈልገው ቦታ ይደርሳል። እኔ በአንድ ቀን ጠርጌ የጣልሁትን ነገር እነዚያ ሰዎች በድምፅ እየቆጠሩ ያስቀምጡት እንደ ነበረ ሳስብ አፈርሁ።

ኮምፒዩተር ከገባ በኋላ ግን ፈቃደኞቹ በሁለት መንገድ ሄዱ። ማይክል ሃርት በ1971 የጀመረው ፕሮጀክት ጉተንበርግ ማንም ሰው በማናቸውም ኮምፒዩተር ሊያነበው የሚችል ተራ ጽሑፍ ለማዘጋጀት ስለ ፈለገ በአብዛኛው የገጽ ቁጥርን ይተወው ነበር። በ2000 የተጀመረው ዲስትሪቢዩትድ ፕሩፍሪደርስ የተባለው የአራሚዎች ማኅበር ሥራውን ለብዙ ሰው የሚያከፋፍለው ገጽ በገጽ ነው። ጥንቃቄያቸው ያስደንቃል፤ አንድ ቃል በገጽ መጨረሻ ቢቆረጥ ቁራጩ ላይ ሰረዝና ኮከብ፥ በሚቀጥለው ገጽ መነሻም ኮከብ አድርገው ኋላ የሚመጣው ሰው እንዲያገጣጥመው ይተዉለታል። ራስጌውንና የገጹን ቁጥር ግን አራሚው ከጽሑፉ ያወጣዋል። መጽሐፉ ሲጠናቀቅ ቁጥሩ በኅዳግ ተመልሶ ይግባ ወይስ ይቅር የሚለው ለመጨረሻው አዘጋጅ የተተወ ነው። ለደስታው ልብ ወለድ የሚያነብ ሰው በዚህ ምንም አይጎዳም። ተማሪ ግን ይጎዳል፤ በዚህ ረገድ ውሳኔያቸው የተሳሳተ ይመስለኛል።

ሌላውን መንገድ የያዘው በአሜሪካ በ2002 የተከፈተው ቡክሼር ነው። መሥራቹ ጂም ፍሩክተርማን ቀደም ሲል ለዐይነ ስውራን የማንበቢያ መሣሪያ የሚሠራ ድርጅት ነበረው። በየቤቱ ያሉ ዐይነ ስውራን አንዱን መጽሐፍ እየደጋገሙ ስካን ከሚያደርጉ አንዱ ያነሣውን ለሌላው ቢያካፍል ይሻላል የሚል አሳብ ነው። የአገሩ የቅጂ መብት ሕግ በ1996 ተሻሽሎ ይህን ፈቅዶ ነበር። በዓለም አቀፍ ደረጃም የማራካሽ ውል በ2013 ተፈርሞ በ2016 ጸንቷል፤ ኢትዮጵያም በ2020 ገብታበታለች። የቡክሼር ፈቃደኞች በየገጹ የሚደጋገመውን ራስጌ ያወጣሉ፤ የገጹን ወሰንና ቁጥሩን ግን ይጠብቃሉ። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ራስጌው ለዐይን የተሠራ ጌጥ ነው፥ ቁጥሩ ግን አድራሻ ነው።

ይሁን እንጂ እኔን ያሳሳተኝ ምክንያት ከንቱ አልነበረም። ፕሮግራሙ «ንጉሡ ወደ» ብሎ «ሰማንያ ሰባት» ብሎ «ሰሜን ዘመተ» ሲል ሰሚውን ያሰለቻል። ይህን ያቃለለው ከስዊድን የድምፅና የብሬይል ቤተ መጻሕፍት ሥራ ተነሥቶ በ1996 ማኅበሩ የተቋቋመለት ዴይዚ የተባለው የመጽሐፍ ሥርዓት ነው። በዴይዚ የገጽ ቁጥር ከንባቡ ጋር የተደባለቀ ጽሑፍ ሳይሆን ለብቻው የታወቀ ምልክት ነው። ስለዚህ አንባቢው ቁጥሩን ማሰማት ወይም ዝም ማሰኘት ይችላል፤ ዝም ቢያሰኘውም «ወደ ገጽ 86 ውሰደኝ» ሲል ይወስደዋል። ምልክቱም ሦስት ዓይነት ነው፤ አንዱ ለመደበኛው ገጽ፥ ሌላው ለመቅድሙ ገጾች፥ ሦስተኛው ከሁለቱ ለማይመደብ ልዩ ገጽ።

ይህ አከፋፈል ለአማርኛ መጻሕፍት በጣም ይስማማል። ብዙዎቹ መጻሕፍቶቻችን መቅድማቸውን ሀ፥ ለ፥ ሐ፥ መ እያሉ ቆጥረው ዋናውን ጽሑፍ እንደ ገና ከ1 ይጀምራሉ። ኮምፒዩተሩ ስካን የተደረጉትን ገጾች ከሽፋኑ ጀምሮ በራሱ ቢቆጥር ሁሉም ቁጥር በመቅድሙ ልክ ይንሸራተታል። የቆዩት መጻሕፍት ደግሞ ገጻቸውን በግዕዝ አኃዝ ይቆጥራሉ፤ ከላይና ከታች መስመር ያለበትን አኃዝ መሣሪያው ከፊደል ጋር ቢያምታታው አይገርምም። ያን ጊዜ ሰው እያየ ከማረም በቀር ዘዴ የለውም።

እኛም መጽሐፉን እንደ ገና አወጣነው። ቁጥሩን ለመመለስ ሦስት ሳምንት ፈጀብን፤ በመጀመሪያው ጊዜ ባልነካው ኖሮ ምንም ድካም ባልነበረው። በሥራው መካከል ከገጽ 144 ቀጥሎ 147 ታትሞ አገኘን። ቅጠል ጎድሎ እንደ ሆነ ብለን ንባቡን መረመርነው፤ ይያያዛል፥ የጎደለ ነገር የለም፤ ስሕተቱ የማተሚያ ቤቱ ነው። ከመካከላችን አንዱ ቁጥሩን እናቃናው ብሎ አሳብ አቀረበ። ጓደኛችን ግን «ተዉት እንጂ፤ እሳቸው የያዙትም ያው አይደለም እንዴ?» አለ። ስለዚህ 147ን እንዳለ ትተን 145ና 146 በታተመው መጽሐፍ ውስጥ እንደሌሉ የሚገልጽ አጭር ማስታወሻ አኖርንበት።