ታንኳ አይታሰርም

ባሕር ዳር ሄዶ ከታንኳ ጋር ፎቶ ያልተነሣ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። እሺ፣ ፎቶውን እንደገና እዩት። ታንኳው የት ነው የታሰረው? ወደብ የለውም፣ መልህቅም የለውም። ወይ ቀዛፊው ላዩ ላይ ተቀምጦ ይሄዳል፣ ወይ ደረቅ መሬት ላይ ፀሐይ ይሞቃል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍናቸው፤ ይቅርታ።)

ነገሩ እንዲህ ነው። ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። ደንገል ሲደርቅ ውስጡ አየር ስለሚይዝ ይንሳፈፋል፤ ውኃ ውስጥ ካደረ ግን ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል። ስለዚህ ታንኳን ውኃ ላይ አስሮ ማሳደር ቀስ እያሉ መግደል ነው። ባለታንኳው ዳር ሲደርስ ጎትቶ ያወጣዋል፣ ውኃው እንዲንጠፈጠፍ ያስደግፈዋል፣ ያደርቀዋል። ይህ ሁሉ ተደርጎም ዕድሜው አጭር ነው፤ ከዚያ ሌላ ደንገል ታጭዶ ሌላ ታንኳ ይታሰራል። እንግዲህ ታንኳ የሚታሰረው ሲሠራ ብቻ ነው ማለት ነው።

ሐይቁ ራሱም አንድ ቦታ አይቆምም። ክረምቱ ሲወጣ ይሞላል፣ ግንቦት አካባቢ ይሸሻል። ዳሩ ለጥ ያለ በሆነበት ቦታ ደግሞ ውኃው ትንሽ ሲወርድ የትየለሌ መሬት ይገለጣል። ታንኳ ግን ሆዱ ጠፍጣፋ ነው፤ ዳሩ በሄደበት ይሄዳል።

ይህን ሕግ የማያከብር ምን እንደሚገጥመው ኖርዌጂያዊው ቶር ሄየርዳል አይቶታል። በ1969 ከጣና ደንገል አስጭዶ ግብፅ አስወሰደ፤ ጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ የቻድ ሐይቅ ሰዎች "ራ" የተባለችውን ጀልባ ሠሩለት። ከሞሮኮ ተነሥታ አትላንቲክን ልታቋርጥ ጥቂት ሲቀራት ኋላዋ ውኃ ውስጥ ገብቶ ተዋት። ውቅያኖስ ላይ ጎትተው የሚያደርቁበት ዳር ከየት ይመጣል? (በ1970 ሁለተኛዋ "ራ" በ57 ቀን ባርባዶስ ገብታለች። የእርሷን ሠሪዎች ከቲቲካካ ሐይቅ ነው ያመጣቸው። ጣናዎችን ምነው አልጠየቀም እንላለን እኛ።)

ወደብ ያላቸውስ? በ1986 የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ለዓሣ አጥማጆች መጣ፤ ትልልቆቹ መርከቦችማ ከዚያም በፊት ነበሩ። ከዚያ በ1996 ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨረጨራ ውኃውን የሚቆጣጠር ግድብ ተሠራ። በ2003 የዝናብ እጥረቱና ለኤሌክትሪክ የሚለቀቀው ውኃ ተደማምረው ሐይቁ ክፉኛ ወረደ። ትልልቆቹ መርከቦች ለወራት መንቀሳቀስ አቃታቸው።

በዚያ ዓመት ታንኳ አሸነፈ ብለን ልንጨርስ ነበር። አላሸነፈም። ውኃው ሲሸሽ ደንገሉ ደረቅ ላይ ቀረ፤ ብዙው ጠፋ፤ በተገለጠው መሬት ላይም እህል ተዘራበት። በ2011 ደግሞ እምቦጭ ሐይቁ ላይ ታየ።

ይህ ሁሉ ከማንም በላይ የሚነካው ነገደ ወይጦን ነው። ጄምስ ብሩስ በ1770 ጣና ሲደርስ የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው፤ ዛሬ የሚናገሩት አማርኛ ነው። ጉማሬ አዳኞች ነበሩ፤ በዚህም ሲናቁ ኖረዋል። የቀራቸው ሙያ ደንገል ነው፤ ታንኳው፣ ሰሌኑ፣ ቅርጫቱ። ሙያው ደግሞ ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ የሚታጨድ ደንገልና ታንኳ የሚጎተትበት ክፍት ዳር። ባሕር ዳር ላይ ያ ክፍት ዳር በሆቴልና በመናፈሻ አጥር እየተያዘ ነው። እኛ ቡና የምንጠጣውም ከአጥሩ ወዲህ ሆነን ነው።