ያረጀው ሞተርና የጣና አስጋሪ

የሰው ልጅ ከተፈጥሮ ጋር ባደረገው ረጅም ትግል የክንዱን ጉልበት በመሣሪያ መተካቱ ከታሪኩ ዐበይት ምዕራፎች አንዱ ነው። ይሁን እንጂ አንድ መሣሪያ አርጅቶ በሌላ ሲተካ የሚለወጠው ብረቱ ብቻ አይደለም። የሥራው ስፋት፣ የሠራተኛው ወጪና ገቢ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሠርቶ አደሩ ከሚኖርበት ተፈጥሮ ጋር ያለው ግንኙነት አብሮ ይለወጣል። ከትንሽ የዓሣ ማስገሪያ ጀልባ ኋላ ታስሮ የሚሠራው ሞተር ታሪክ ለዚህ እውነት ምስክር ነው፤ የጣና ሐይቅ ታሪክ ደግሞ ምስክርነቱን ያጸናዋል።

ይህ ዓይነቱ ሞተር በአንድ ቀንና በአንድ ሰው አልተፈጠረም። እ.ኤ.አ. በ1881 ፈረንሳዊው ጉስታቭ ትሩቬ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሞተር ከአንዲት ትንሽ ጀልባ ኋላ አስሮ በፓሪስ ከተማ በሴን ወንዝ ላይ ነዳ። ከሃያ ዓመታት በላይ ቆይቶ አሜሪካዊው ካሜሮን ዋተርማን በቤንዚን የሚሠራውን ሞከረ። በመጨረሻም ኖርዌይ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የተሰደደው ኦሌ ኤቪንሩድ በሚልዋኪ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1909 አንድ ተኩል የፈረስ ጉልበት ያለውን፣ 28 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝነውን ሞተር ሠርቶ ለገበያ አበቃ።

የዚህ ፈጠራ ታላቅነት በጉልበቱ አልነበረም፤ አንድ ተኩል የፈረስ ጉልበት የሚያስደንቅ ኃይል አይደለም። ታላቅነቱ ሞተሩ ከጀልባው አካል ተለይቶ መቆሙ ላይ ነው። አስጋሪው ሁለት ብሎን ፈትቶ ሞተሩን በትከሻው ተሸክሞ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ሲበላሽ ለመካኒክ ይወስደዋል፤ ሲያረጅ ጀልባውን ሳያፈርስ ሌላ ያስርበታል። ሞተር በድሃው አስጋሪ ጀልባ ላይ ሊሰቀል የቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከባሕር ወለል በላይ በ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በሚገኘው፣ ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚደርሰው በጣና ሐይቅ ላይ ግን የወይጦ ማኅበረሰብ ጥበብ የሆነው የደንገል ታንኳ ለረጅም ዘመናት የአስጋሪው መሣሪያ ሆኖ ኖሯል። ደንገል ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ስለዚህ ታንኳው ከሥራ በኋላ ወደ ዳር ወጥቶ ፀሐይ መሞቅ አለበት። ዕድሜውም በወራት የሚቆጠር ነው። ማዕበልና ነፋስ ሲነሣ ባለታንኳው ነፍሱን በመቅዘፊያው ላይ አኑሮ ይታገላል። የዚህን ሰው ድካምና ድህነት በቅኔ ማስዋብ በደል ነው። ሆኖም አንድ ሐቅ መዘንጋት የለበትም፤ ታንኳው ከዳር ርቆ ለመሄድ ስለማይችል የሐይቁ መሐልና ሩቅ የወንዝ አፎች ማንም ሳያውጅላቸው ተከብረው ኖረዋል። የመሣሪያው ድክመት ለዓሣው ያልተጻፈ ሕግ ሆኖለት ነበር።

ይህ ሁኔታ የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ከኔዘርላንድ አብያተ ክርስቲያናት በተገኘ ድጋፍ በተጀመረው የጣና ሐይቅ የዓሣ ሀብት ልማት ፕሮግራም አማካይነት ሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ለባሕር ዳር አካባቢ አስጋሪዎች ቀረበ። ውጤቱም ፈጥኖ ታየ። እ.ኤ.አ. በ1987 በዓመት 39 ቶን የነበረው የሞተር ጀልባዎች ምርት በ1997 ወደ 360 ቶን ከፍ አለ። ዓሣው ለከተማ ገበያ ተረፈ፤ ለአስጋሪውም ቤተሰብ የገቢ ምንጭ ሰፋ። ይህ ሊካድ የማይገባው ዕድገት ነው።

ዕድገቱ ግን ዋጋ ነበረው። በአካባቢው አጠራር "ነጭ ዓሣ" የሚባለው ወገን በጣና ውስጥ ከ15 በላይ ዝርያዎች ያሉት፣ አብዛኞቹም በሌላ በየትኛውም ሐይቅ የማይገኙ ብርቅ ሀብት ነው። ከእነዚህ ብዙዎቹ በክረምቱ ማብቂያ እንቁላላቸውን ለመጣል በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭና በገልዳ ወንዞች አፍ ላይ በመንጋ ይሰበሰባሉ። ታንኳ ከሩቅ መጥቶ የማይደርስበትን ይህን ስፍራ ሞተር ጀልባ በሰዓታት ውስጥ ይደርስበታል፤ መረብም ይዘረጋበታል። ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ መጀመሪያና በአሥር ዓመቱ ማብቂያ፣ እ.ኤ.አ. አቈጣጠር፣ የተያዘውን ዓሣ ሲያነጻጽሩ የነጭ ዓሣው ክብደት በ75 በመቶ ገደማ ቀንሶ አገኙት። በወንዞች ላይ ዓሣን በብርብራ ፍሬ ማስከሩና ሌላውም ጉዳት ስላለ ጥፋቱ በሞተሩ ላይ ብቻ አይጫንም። ነገር ግን የእናት ዓሣን መንገድ ያሳጠረው እርሱ መሆኑ አይካድም።

እንግዲህ ሞተሩ ራሱ ሲያረጅ ጥያቄው ዳግመኛ ይነሣል። ገመዱ አሥር ጊዜ ተስቦ የማይነሣ፣ ካንዴላው በየቀኑ የሚጠቁር፣ መለዋወጫው የዕለቱን ምርት የሚበላ ሞተር መውረዱ ግድ ነው። በእርሱ ቦታ ምን ይታሰር? ብዙዎች የሚመኙት የበለጠ የፈረስ ጉልበት ነው። ሐይቁ ግን ለምኞት የራሱ መልስ አለው። አየሩ ስለሚሳሳ ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል፤ ስለዚህ 15 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተሸጠው በጣና ላይ ከ12 ብዙም አይዘልም። ለዚህ መድኃኒቱ ትልቅ ሞተር መግዛት ብቻ ሳይሆን ካርቡራቶሩንና ፕሮፔለሩን ለከፍታው ማስተካከል ነው። የሞተሩ እግርም ከጀልባዋ የኋላ ግድግዳ ቁመት ጋር ካልተስማማ፣ አጭሩ አየር ይቀዝፋል፣ ረጅሙ በከንቱ ውኃ ይጎትታል።

ዘይቱ ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ የሚነድበት አሮጌው ባለ ሁለት ምት ሞተር እስከ ሩብ የሚደርሰውን ነዳጅ ሳያቃጥል ወደ ውኃው ይተፋል። ባለ አራት ምቱ ይከብዳል፣ ዋጋውም ይንራል፤ ነገር ግን ነዳጅ ይቆጥባል፣ ሐይቁንም ያነሰ ያቆሽሻል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ጣናን የወረረው እምቦጭ የማቀዝቀዣውን ውኃ መግቢያ እየደፈነ ሞተር ስለሚያግል፣ ጽዳቱና የውኃ መሳቢያው ጐማ ቅያሬ በቅርብ የሚገኝለት ሞተር መመረጥ ይኖርበታል። የመለዋወጫ ነገር ቀላል አይደለም፤ ፈር ቀዳጁ የኤቪንሩድ ስም እንኳ ከመቶ ዓመታት በላይ ቆይቶ ምርቱ በ2020 ተቋርጧል።

በ1995 ዓ.ም. የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ወጥቷል። የተጻፈ ሕግ ግን የታንኳውን ያልተጻፈ ሕግ ሊተካ የሚችለው አስጋሪው ራሱ፣ በማኅበሩ ተሰብስቦ፣ በመራቢያው ወራት የወንዙን አፍ ሲተው ብቻ ነው። ስለዚህ አዲስ ሞተር የሚያስር ሁሉ ስንት የፈረስ ጉልበት እንዳለው ከመጠየቁ አስቀድሞ ወዴት እንደሚወስደው ይጠይቅ። በነፋስ ጊዜ ወደ ቤቱ የሚመልሰው ሞተር ወዳጁ ነው፤ እናቲቱን ዓሣ ከነእንቁላልዋ እንዲያጠምድ የሚያደርሰው ግን የልጆቹን እንጀራ ይዞበት ይሄዳል።