ኤዲሰንን ያሸነፈው ሳጥን

ትራንስፎርመርን የምናስታውሰው ሲፈነዳ ነው። ሰፈሩ ይጨልማል፣ "ትራንስፎርመሩ ተቃጠለ" ይባላል፣ መብራት ሲመጣ እንረሳዋለን። ታሪክም እንዲሁ ረስቶታል። የኤሲና የዲሲ ጦርነት ሲነሳ የሚተረክልን የኤዲሰንና የቴስላ ፉክክር ነው። እኔ ግን ጦርነቱን የወሰነው ይህ ሳጥን ነው እላለሁ።

ኤዲሰን በ1882 (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ኒውዮርክ ፐርል ጎዳና ላይ ጣቢያውን ሲከፍት የሚያሰራጨው 110 ቮልት ገደማ ዲሲ ነበር። ቮልቴጁ ዝቅ ሲል፣ ያንኑ ኃይል ለመላክ ብዙ ኮረንቲ ያስፈልጋል። ኮረንቲ ሲበዛ ሽቦው ይግላል፣ ኃይሉ መንገድ ላይ ይባክናል። ስለዚህ ከጣቢያው ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ መራቅ አያዋጣም ነበር።

ቮልቴጁ 10 እጥፍ ቢጨምር ኮረንቲው ወደ አንድ አስረኛ፣ ብክነቱ ደግሞ ወደ አንድ መቶኛ ይወርዳል። ግን 1000 ቮልት ማን ሳሎኑ ያስገባል? ከፍ አድርጎ የሚልክ፣ ደጃፍ ሲደርስ የሚያወርድ ነገር ያስፈልጋል። ትራንስፎርመር ይህንን ይሠራል፤ የሚሠራው ግን በኤሲ ብቻ ነው።

ፈረንሳዊው ጎላርና እንግሊዛዊው ጊብስ መንገዱን ጀመሩት። ሆኖም ትራንስፎርመሮቹን በተከታታይ ስላያያዟቸው የአንዱ ደንበኛ አምፖል ሲጠፋ የሌላው ይረበሽ ነበር። በ1885 የቡዳፔስቱ ጋንዝ ፋብሪካ መሐንዲሶች ዚፐርኖቭስኪ፣ ብላቲና ዴሪ በትይዩ አገናኝተው ችግሩን ፈቱት። በማርች 1886 ደግሞ ዊሊያም ስታንሊ፣ በዌስቲንግሃውስ ድጋፍ፣ የአሜሪካዋን ግሬት ባሪንግተን ሱቆች በ500 ቮልት ልኮ ወደ 100 በማውረድ አበራ። ቴስላ የኤሲ ሞተር ፓተንቱን ያገኘው ከዚያ በኋላ፣ በ1888 ነው።

በ1891 ጀርመን ውስጥ ከላውፈን እስከ ፍራንክፈርት 175 ኪሎ ሜትር ተላከ፤ ሦስት አራተኛው ያህል ደረሰ። ከዚያ ወዲያ ክርክሩ ትርጉም አጣ።

ጎላር ይህንን አላየም። የፓተንት ሙግቱን ተሸንፎ፣ በ1888 ፓሪስ በሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አረፈ።

ኤዲሰን ማመንጨት አላቃተውም፤ ያቃተው ማድረስ ነው። እኛም ግድብ ሲመረቅ ሜጋዋት ቆጥረን እናጨበጭባለን። መብራት ግን ቤታችን የሚገባው ምሰሶ ላይ ባለው ሳጥን በኩል ነው። በሚቀጥለው ምረቃ ላይ "ስንት ሜጋዋት?" ከማለታችን በፊት "ስንት ትራንስፎርመር?" ብለን እንጠይቅ።