ከጉና እስከ ጣና፦ የዘላቂ ልማት ምርምር ጉዞና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ኃላፊነት

«ዘላቂ ልማት» የሚለው አባባል ዛሬ በየስብሰባው የሚነሳ ቢሆንም ዕድሜው ረጅም አይደለም። በዓለም ደረጃ በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1987 የኖርዌይ ጠቅላይ ሚኒስትር በነበሩት በግሮ ሃርለም ብሩንትላንድ የተመራው ኮሚሽን ሪፖርቱን ባወጣ ጊዜ ነው። የሪፖርቱ ፍሬ ሐሳብ፣ የዛሬው ትውልድ ፍላጎቱን ሲያሟላ የነገውን ትውልድ ዕድል አይዝጋ የሚል ነው። ይህ ለደቡብ ጎንደር አርሶ አደር እንግዳ ትምህርት አይደለም። ለዘር ያስቀመጠውን እህል የበላ ቤተሰብ በሚቀጥለው ክረምት ምን እንደሚገጥመው ሁሉም ያውቃል። አዲሱ ነገር ጥያቄው ከእርሻ አልፎ ወደ ንግድ መምጣቱ ነው። ማዳበሪያ የሚያቀርብ፣ ዘር የሚያሰራጭ፣ ምርት የሚገዛና የሚሸጥ ድርጅት ለመሬቱ ተጠያቂ ነው ወይ? የምርምሩ ታሪክ መልስ አለው።

አንድ ተፋሰስ፣ ሁለት ዓይነት ኑሮ

የጉና ተራራ ከባሕር ወለል በላይ ከ4 ሺህ ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አለው። በዙሪያው ያሉት የፋርጣ፣ የእስቴና የላይ ጋይንት ደገኞች ገብስ፣ ስንዴና ድንች ያመርታሉ። የርብና የጉማራ ወንዞች ከዚሁ ተራራ ተዳፋት እየተነሱ የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ሐይቅ ይገባሉ። ወንዞቹ ይዘውት የሚወርዱት ውኃ ብቻ አይደለም። የፎገራ ሜዳ ጥቁር አፈር በብዙ ዘመን ከደጋው ታጥቦ የወረደ ደለል ነው። ስለዚህ ቆላ ወርዶ ለም መሬት የሆነው አፈር፣ ደጋ ላይ የተራቆተ ማሳና ቦረቦር ትቶ የመጣ ነው። የዞኑን ልማት በሚዛን ለማየት የሚፈልግ ሁሉ ሂሳቡን ከዚህ መጀመር ይኖርበታል።

ከኩንታል ቆጠራ ወደ አፈር ጥበቃ

በሀገራችን የግብርና ምርምርና ኤክስቴንሽን ሥራ መጀመሪያ ላይ ያተኮረው በምርት ብዛት ላይ ነበር። በ1964 ዓ.ም. የተጀመረው የአነስተኛ ፓኬጅ ፕሮግራም ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ለአርሶ አደሩ ማዳረስን ዓላማው አደረገ። የሚጠየቀው ጥያቄ በሄክታር ስንት ኩንታል ተገኘ የሚል ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1981 የግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት ሲጀምሩ ሌላ ጥያቄ መጣ። በወሎ ማይባር፣ በሰሜን ሸዋ አንዲት ጥድ፣ በጎጃም አንጀኒና በሌሎችም ጣቢያዎች ከማሳ የሚታጠበው አፈር በየዝናቡ ይለካ ጀመር። ከተገኙት ትምህርቶች አንዱ፣ ከፍተኛው ጉዳት የሚደርሰው መሬቱ ታርሶ ለስልሶ ሰብሉ ገና ባልሸፈነው ጊዜ መሆኑ ነው። ለጤፍ ተደጋግሞ የሚታረስ ተዳፋት ማሳ በዚህ ረገድ በጣም የተጋለጠ ነው።

ሆኖም ዕውቀት ብቻውን በቂ አልሆነም። በዚያ ዘመን በምግብ ለሥራ የተሠሩ ብዙ እርከኖች አርሶ አደሩ ሳይመክርባቸው የተሠሩ ስለነበሩ፣ በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በየቦታው ፈረሱ። ከዚያ በኋላ ተመራማሪዎች አርሶ አደሩን እንደ ተቀባይ ሳይሆን እንደ ሥራ ባልደረባ ማየት ጀመሩ።

ሩዝና የፎገራ ሜዳ

የፎገራ ሩዝ ታሪክ በቀጥታ ከኅብረት ሥራ ጋር የተያያዘ ነው። በ1970ዎቹ በደራ የጅግናና በፎገራ የሻጋ አምራቾች ማኅበራት ላይ ሰብሉ ተሞከረ። በጅግና በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች አማካይነት የገባው ዝርያ እስከ ዛሬ ድረስ «ኤክስ ጅግና» እየተባለ ይጠራል። የአምራቾች ማኅበራቱ ቢፈርሱም ሰብሉ በኋላ ተመልሶ በአርሶ አደሩ እጅ ተስፋፋ። ምክንያቱም ግልጽ ነው። በክረምት ውኃ የሚተኛበት መሬት ለሌላ ሰብል አይመችም፤ ለሩዝ ግን ይስማማል። ሩዙ ሲታጨድ በቀረው እርጥበት ጓያ ወይም ሽምብራ ይዘራል። ሩዝ ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ ሆነ፤ ገለባውም የከብት መኖ ሆነ። የወረታ ከተማም የሩዝ መፈልፈያዎችና የነጋዴዎች መናኸሪያ ሆነች።

ይሁን እንጂ በኋላ የተካሄዱ ጥናቶች የትርፉን ዋጋም አሳይተዋል። ሩዝ የተዘራበት ሜዳ ቀድሞ የፎገራ ከብት የሚሰማራበት ነበር። ግጦሹ ሲጠብ በወተቷ የታወቀችው ይህች ዝርያ ቁጥሯ ተመናመነ፤ በአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል የጥበቃ ሥራ እስከ ማስፈለግ ደረሰ። እርሻው ወደ ሐይቁ ዳር ረግረግ ዘለቀ። በጣና ላይ በ2004 ዓ.ም. ገደማ የታየው እምቦጭ ከተፋሰሱ በሚታጠብ አፈርና ማዳበሪያ እንደሚፋፋ ባለሙያዎች ያስረዳሉ። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ቢመዘገብም፣ ሐይቁን የሚጠብቀው ወረቀቱ ሳይሆን በጉና ተዳፋት የሚሠራው እርከን ነው።

ገበያውም የራሱ ችግር አለው። አንድ ዝርያ ለብዙ ዓመታት ሳይታደስ ሲዘራ ይደባለቃል፤ የተደባለቀ ሩዝ ሲፈለፈል ይሰባበራል፤ የተሰባበረ ሩዝ ደግሞ ከውጭ ከሚገባው ጋር በዋጋ መወዳደር አይችልም። ስለዚህ ንጹሕ ዘር ማቅረብ የምርምር ማዕከል ሥራ ብቻ ሳይሆን የንግድ ታማኝነት ጉዳይም ነው።

ከአብያተ ክርስቲያናት ደን የተገኘ ትምህርት

በደብረ ታቦር ዙሪያ ከፍ ካለ ቦታ ለሚመለከት፣ አገር በቀል ዛፍ በብዛት የሚታየው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር በ28 የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች ባካሄዱት ጥናት 168 እንጨትነት ያላቸው የዕፅዋት ዓይነቶችን መዝግበዋል። እነዚህ ደኖች በዘበኛ ብዛት አልቆዩም። ያቆያቸው ማኅበረሰቡ የእኔ ነው ብሎ ያጸናው ሥርዓት ነው። ጥናቱ በተጨማሪ ያሳየው ከብት የሚገባበት ደን ችግኝ እንደማይተካ ነው። በመሆኑም በአንዳንድ ቦታዎች ከማሳ በተለቀመ ድንጋይ ደኑ ታጥሯል፤ ማሳው ከድንጋይ ሲጸዳ ደኑም ከከብት ተጠብቋል። አንድ ሥራ ለሁለት ወገን ጠቀመ ማለት ነው።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት ድርሻ

ኃላፊነት ያለው ንግድ ከኅብረት ሥራ ጋር አብሮ የተወለደ ሐሳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1844 በእንግሊዝ ሮችዴል ከተማ 28 ሠራተኞች ሱቅ ሲከፍቱ የገቡት ቃል ያልተበረዘ ዱቄትና ትክክለኛ ሚዛን ነበር። ዓለም አቀፉ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1995 ባጸደቃቸው ሰባት መርሆዎች የመጨረሻው፣ ማኅበራት አባላት ባጸደቁት ፖሊሲ ለማኅበረሰቡ ዘላቂ ልማት እንዲሠሩ ያዛል። በሀገራችን በ1953 ዓ.ም. በድንጋጌ ቁጥር 44 የተጀመረው የኅብረት ሥራ ሕግ ብዙ መልክ ለውጧል። በአዋጅ ቁጥር 147/1991 መሠረታዊ ማኅበራት በዩኒየን የሚደራጁበት መንገድ ተጠናከረ፤ ይህም በአዋጅ ቁጥር 985/2009 ተተክቷል።

ዩኒየኖች ግብዓት አቅራቢ እንደመሆናቸው የምርምር ውጤት የሚያልፈው በእነሱ በር ነው። ለረጅም ዘመን ለሁሉም መሬት ዳፕና ዩሪያ በአንድ ልክ ይታዘዝ ነበር። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የሀገሪቱ አፈር ሲመረመር የጎደለው ከቦታ ቦታ እንደሚለያይ ታወቀ። የደጋው አሲዳማ አፈር ደግሞ ኖራ ካልተጨመረበት ማዳበሪያውን በሚገባ አይጠቀምበትም። ኖራ ከባድ ነው፤ ማጓጓዣው ውድ ነው፤ ለነጋዴም አትራፊ አይደለም። ለአንድ አርሶ አደር የማይቻለው ይህ ሸክም በጋራ ሲሆን ይቻላል፤ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለውም ለዚህ ነው።

በዓመቱ መጨረሻ ጠቅላላ ጉባኤ ሲሰበሰብ የትርፍ ክፍፍል የመጀመሪያ አጀንዳ መሆኑ ተገቢ ነው። ከዚያው ቀጥሎ ግን ሌሎች ጥያቄዎች መነሳት አለባቸው። የተሰራጨው ዘር ንጹሕ ነበር? የደጋው አባል ኖራ አገኘ? ከፎገራ ሩዝ ከተገኘው ትርፍ ለጉና እርከንና ችግኝ የተመለሰ አለ? የደጋው አፈር እስኪያልቅ ቆላው ማትረፉ አይቀርም፤ አፈሩ ሲያልቅ ግን ሁለቱም አብረው ይከስራሉ። የሚከፋፈሉት ትርፍም አይኖርም።