ቁስል የሚድነው እንዴት ነው?



ማጭድ ጣታችሁን ቆርጧችሁ ያውቃል? መጀመሪያ ደሙ ይፈሳል። ቀጥሎ ይረጋል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ጎድጓዳው ቦታ በቀይ ሥጋ ይሞላል። ይህ ቀይ ሥጋ ከየት መጣ? መልሱን ለማወቅ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ፈጅቷል። እስቲ ታሪኩን አብረን እንመልከት። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1628 ዊሊያም ሃርቬይ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ስለ ልብና ስለ ደም አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ደም ከልብ በወሳጅ ሥሮች ይወጣል፣ በመላሽ ሥሮች ወደ ልብ ይመለሳል ሲል አስረዳ። ታዲያ ከወሳጁ ወደ መላሹ የሚሻገረው በየት በኩል ነው? ሃርቬይ መሻገሪያውን ሳያይ በ1657 ሞተ።

በ1661 ማርቼሎ ማልፒጊ የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም መሻገሪያውን አገኘው። ያገኘው በእንቁራሪት ሳንባ ውስጥ ነው። ለምን እንቁራሪት? ሳንባዋ ስስ ስለሆነ ብርሃን ያሳልፋል። ጥቃቅን ነገር አጉልቶ በሚያሳይ መሣሪያ፣ በማይክሮስኮፕ ሲመለከት፣ ሁለቱን ሥሮች የሚያገናኙ በጣም ቀጫጭን የደም ሥሮች አየ። እነዚህ ሥሮች ከራስ ፀጉር አሥር ጊዜ ያህል ይቀጥናሉ። የደም ሕዋሳት እንደ ግመል ቅፍለት አንድ በአንድ ተሰልፈው ያልፉባቸዋል። ለሥጋችን ምግብና አየር የሚታደለው እዚህ ላይ ነው።

ይሁን እንጂ በቁስል ላይ አዲስ ሥር ሲበቅል ማን አየ? ቆዳና ሥጋ ይሸፍነዋላ! በ1924 በአሜሪካ፣ በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ሳንዲሰን የተባለ ተመራማሪ መላ አገኘ። በጥንቸል ጆሮ ላይ እንደ መስኮት የሚያሳይ ስስ ነገር ገጠመ። ጥንቸሏ በሕይወት እያለች ቁስሉ ሲሞላ በማይክሮስኮፕ ማየት ተቻለ።

ኤሊየት ክላርክና ባለቤቱ ኤሊኖር ክላርክ በዚህ ዘዴ ብዙ ተመለከቱ። ያዩትንም በ1939 አሳተሙ። በቁስሉ ዳር ካለው ጤነኛ ሥር ጎን ቡቃያ ይወጣል። ቡቃያው ወደ ባዶው ቦታ ያድጋል። ከሌላ ቡቃያ ጋር ይገናኛል። ውስጡ ይከፈትና ደም ያልፍበታል። የማያስፈልጉት ደግሞ ጠበው ይጠፋሉ።

እንግዲህ ያ ቀይ ሥጋ በአዲስ የደም ሥር የተሞላ ነው። ሲነኩት ቶሎ የሚደማውም ለዚህ ነው።

ለዚህ እውቀት ብዙ እንስሳት ተጎድተዋል። ስለዚህ ያወቅነውን በሥራ ላይ እናውል። ቁስልን በንጹሕ ውሃና በሳሙና እጠቡ፤ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑ። ጨርቁ ቢጣበቅ በንጹሕ ውሃ ሳታርሱ አትላቅቁት፤ ቡቃያው ይቆረጣል። እበት፣ አፈር ወይም የተፈጨ ቡና አታድርጉበት። በእበትና በአፈር ውስጥ የመንጋጋ ቆልፍ በሽታ ተሕዋስ ይገኛል። ቁስሉ ጥልቅ ከሆነ፣ ካበጠ፣ ከመገለ ወይም ከሸተተ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ማንበብ ለማይችል ጎረቤታችሁም ይህን ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። ደህና ሁኑ።