ኩዋሊ ኮየስ

ኩዋሊ ኮየስ የምርምር ገንዘብ ጥያቄን፣ በጀትን፣ የተገኘ ድጋፍንና የምርምር ሥነ ምግባር ፈቃድን ለማስተዳደር በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የተሠራ ሶፍትዌር ነው። መነሻው ኤም አይ ቲ ለራሱ የሠራው ኮየስ የተባለ ሥርዓት ነበር፤ በኩዋሊ ፋውንዴሽን ሥር የተሰባሰቡ ዩኒቨርሲቲዎች በጃቫ እንደ አዲስ ጻፉት፣ ኮዱንም ክፍት አደረጉት።

ጥንካሬው ከሥሩ ባለው መሠረት ላይ ነው። ኩዋሊ ራይስ የተባለው የጋራ ማዕቀፍ የተጠቃሚዎችን ማንነትና ሥልጣን፣ የሰነድ ቅብብሎሽን፣ በሥርዓቶች መካከል ያለውን ግንኙነትና የቅጽ ገጾችን አንድ ጊዜ ሠርቶ ለኩዋሊ የፋይናንስ ሥርዓትም ለዚህ የምርምር ሥርዓትም ያቀርባል። አንድ ተመራማሪ የገንዘብ ጥያቄውን ሞልቶ ሲልክ ሰነዱ ለምሳሌ ወደ ትምህርት ክፍሉ ኃላፊ፣ ከዚያ ወደ ዲኑ፣ በመጨረሻም ወደ ምርምር ጽሕፈት ቤቱ ይሄዳል፤ እያንዳንዱ ኃላፊ ውሳኔውን የሚጠብቁ ሰነዶችን ተራ በተራ ተዘርዝረው ያገኛል። ማን ከማን ቀድሞ እንደሚያጸድቅ የሚወሰነው በኃላፊነት ምደባ ስለሆነ ዲን ሲቀየር ፕሮግራመር አይጠራም። ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ሁሉም ካጸደቁት በኋላ ማመልከቻው ግራንትስ ዶት ገቭ ወደተባለው የፌዴራል መንግሥቱ መቀበያ በቀጥታ ይተላለፋል።

መሠረትን መጋራት ግን ግዴታም ያመጣል። ማዕቀፉ ሲሻሻል በላዩ የተሠራው ሁሉ እንደገና መፈተሽ አለበት፤ ኮዱን ለራሱ ፍላጎት በብዛት የቀየረ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በእያንዳንዱ አዲስ ስሪት ለውጡን ዳግም ማዋሐድ ይጠበቅበታል። እ.ኤ.አ. በ2014 ኩዋሊ የተባለ የንግድ ኩባንያ ተቋቁሞ ልማቱን ተረከበ፤ አገልግሎቱንም በኢንተርኔት በኩል በክፍያ ማቅረብ ጀመረ።