የተጠቃሽነት ልክ

የተጠቃሽነት ልክ፦ አንድ ተመራማሪ ካሳተማቸው ጥናቶች መካከል ስንቱ፣ እያንዳንዳቸው ቢያንስ የዚያኑ ቁጥር ያህል ጊዜ በሌሎች ጥናቶች እንደተጠቀሱ የሚያሳይ አኃዝ። በዩኒቨርሲቲዎች አካባቢ «ኤች ኢንዴክስ» እየተባለ ይጠራል።

አቆጣጠሩ በምሳሌ ይቀላል። አንዲት ተመራማሪ ስድስት ጥናቶች አሏት እንበል። ከብዙ ወደ ጥቂት ሲደረደሩ 40፣ 22፣ 9፣ 5፣ 4 እና 1 ጊዜ ተጠቅሰዋል። ከላይ እየቆጠርን ስንወርድ፣ አራተኛው ጥናት 5 ጊዜ ስለተጠቀሰ መስፈርቱን ያልፋል። አምስተኛው ግን 4 ጊዜ ብቻ ስለተጠቀሰ አምስት አልሞላም። ስለዚህ ልኳ 4 ነው። ባልደረባዋ ደግሞ ሦስት ጥናት ብቻ አሳትሞ፣ አንዱ 3,000 ጊዜ፣ ሁለቱ ሁለት ሁለት ጊዜ ቢጠቀሱለት፣ ልኩ 2 ይሆናል። መለኪያው አንዴ ከገነነ ሥራ ይልቅ ተደጋግሞ የጠቀመ ሥራን ያስቀድማል። ጥንካሬውም ድክመቱም እዚህ ላይ ነው።

መለኪያውን ያቀረቡት በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲዬጎ የፊዚክስ ፕሮፌሰር የሆኑት ሆርሄ ሂርሽ ናቸው፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 2005 ነበር። ከዚያ በፊት ሰው በአብዛኛው የሚመዘነው ወይ ባሳተመው ብዛት፣ ወይ በተጠቀሰበት ጠቅላላ ድምር ነበር። ሂርሽ ሁለቱን በአንድ ቁጥር አገናኙ። ዛሬ ጉግል ስኮላር፣ ስኮፐስና ዌብ ኦፍ ሳይንስ ቁጥሩን ራሳቸው አስልተው ያወጣሉ። እያንዳንዳቸው የሚያካትቱት ጽሑፍ ስለሚለያይ፣ የአንድ ሰው ልክ በሦስቱ ዘንድ ሦስት ዓይነት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩን የሚጠቅስ ሰው ምንጩን አብሮ መጥቀስ አለበት።

በአማርኛ «ተጠቃሽነት» በሌሎች ጽሑፍ ውስጥ መጠቀስን፣ «ልክ» መጠኑን ይገልጻል። በዐረፍተ ነገር ውስጥ «የተጠቃሽነት ልኳ 4 ነው» ማለት ይቻላል። ቃሉ እስኪለመድ ድረስ በጽሑፉ መጀመሪያ «ኤች ኢንዴክስ» የሚለውን አብሮ ማስቀመጥ አንባቢን ይረዳል።

ትልቁ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው የተለያዩ የትምህርት ዘርፎች ሲነጻጸሩ ነው። ማስረጃው በሂርሽ በራሳቸው ጽሑፍ ውስጥ አለ። ከፊዚክስ ሊቃውንት ከፍተኛው የኤድዋርድ ዊትን ልክ ሲሆን 110 ነበር። ከሥነ ሕይወት ሊቃውንት ግን የአንጎል ተመራማሪው ሰሎሞን ስናይደር 191 ነበራቸው፤ በዚያው ዝርዝር አሥረኛ የሆኑት እንኳ 120 ደርሰዋል። ዊትን እ.ኤ.አ. በ1990 ከሒሳብ ታላላቅ ክብሮች አንዱን፣ የፊልድስ ሜዳልያን የተሸለሙ ሰው ናቸው። ከአሥሩም ያንሳሉ የሚል የለም። ልዩነቱ የመጣው ከዘርፉ ልማድ ነው። በሥነ ሕይወትና በሕክምና ተመራማሪው ብዙ ነው፤ አንድ ጥናት በብዙ ሰው ይጻፋል፤ የዋቢ ዝርዝሩም ይረዝማል። የሒሳብ ሊቅ ግን በጥቂቱ ያሳትማል፣ በጥቂቱም ይጠቅሳል።

በሰብአዊ ጥናቶች ዘንድ ክፍተቱ ይብሳል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል፣ በማይክሮፊልም የተነሡ የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍትን በዝርዝር መዝግበው ለዓለም ሊቃውንት ያስረከቡ ሰው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1988 የማክአርተር ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። የግዕዝን ጽሑፍ የሚያጠና ሁሉ የእሳቸውን ካታሎግ ሳይገልጥ ብዙ አይራመድም። ነገር ግን ከዓመታት ድካም የተገኘ አንድ ጥራዝ በዚህ መለኪያ ዘንድ ከአንድ ሥራ በላይ አይቆጠርም፤ ሺህ ጊዜ ቢጠቀስ እንኳ በልኩ ላይ የሚጨምረው ቢበዛ አንድ ነው። በመጻሕፍት የግርጌ ማስታወሻ የተጠቀሰውም ብዙ ጊዜ ከመረጃ ቋቶቹ ውጪ ይቀራል።

እ.ኤ.አ. በ2015 ስለ ምርምር ምዘና የወጣው የላይደን ማኒፌስቶ ይህንኑ አደጋ አይቶ አሥር መርሆች አስቀምጧል። ቁጥር የባለሙያን ዳኝነት ይደግፍ እንጂ አይተካው ይላል፤ የዘርፎች ልዩነት ይታሰብ፣ በአገር ቋንቋ የሚሠራና ለአገር የሚጠቅም ምርምርም ይጠበቅ ይላል።

ስለዚህ የደረጃ ዕድገት የሚወስን ኮሚቴ ልኩን ሲያይ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ቁጥሩ ከየትኛው ቋት ተወሰደ? በዚያው ዘርፍ፣ በዚያው የአገልግሎት ዘመን ያሉ ሰዎች ስንት አላቸው? ያልተቆጠረው መጽሐፍ፣ መዝገበ ቃላት ወይም ካታሎግ የቱ ነው? መልሱን ከያዘ በኋላ ሥራዎቹን ያንብብ። የምሁርን ዋጋ ሳያነብቡ መወሰን ፍርደ ገምድልነት ነው፤ የሚጎዱትም በቅድሚያ ረጅም ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ የመረጡት ናቸው።